ቄሣርና የእድራችን ማኅተም

እዚህ ባሕር ማዶ፣ ኮንየርስ ከተማ መጋዘን ውስጥ ስድስት ቀን የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ስነዳ እከርምና የቀረችኝን አንዲት እሁድ እድሩ ይበላታል። ሰባት ዓመት ሊቀ መንበር ነበርኩ። ኧረ ምኑን አወራዋለሁ! አዳራሽ መከራየት እኔ፣ ወንበር መደርደር እኔ፣ የተጣላ ማስታረቅ እኔ። ወገቤ አለቀ።

በዚያ ሰሞን ልጄ የመኪና መለማመጃ ፐርሚት አወጣች። ስትነዳ አጠገቧ ትልቅ ሰው መቀመጥ አለበት፤ እናቷ ደግሞ እሁድ ሆስፒታል ሥራ ትገባለች። "ሊቀ መንበርነቱን እተዋለሁ፤ ከእንግዲህ እሁዶቼ ያንቺ ናቸው" ብዬ ቃል ገባሁላት። ፒችትሪ ኮርነርስ ያሉት ቢሮዎች እሁድ ፓርኪንጋቸው ባዶ ስለሆነ እዚያ ልትለማመድ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት እግሬን ሶፋ ላይ ሰቅዬ ጋደም እንዳልኩ የትምህርት ቤት ሥራዋን ትነግረኝ ጀመር። ስለ መጀመሪያው የሮማ ንጉሠ ነገሥት ነው፤ ጌታ ሲወለድ ዓለሙ ሁሉ ይቆጠር ብሎ ያዘዘው ቄሣር። ያወረሰው ዘመዱ ሲገደል ገና ጎረምሳ ነበር፤ ትልልቆቹም ናቁት። እሱ ግን አንዱን እያባበለ፣ ሌላውን እየወጋ ሁሉንም ጨረሳቸው። ተቀናቃኝ ሲጠፋ ሸንጎው ፊት ቆመና "በቃኝ፣ ሥልጣናችሁን ውሰዱ" አለ። ሸንጎው እሪ ብሎ ለመነው። እሱም ለእነሱ ሲል ብቻ፣ እያዘነ ተቀበለ።

ሳቄ መጣ። "ይሄ ሰውዬማ የእኛው አገር ሰው ነው!"

"ዳዲ፣ ግን ላይክ፣ የምሩን ሊተው ነበር?"

"ምን የምሩን! እንደሚለምኑት ያውቃል እኮ።"

ይህንኑ ጻፈችው።

እሁድ ከስብሰባው በቀጥታ ወደ ልምምዱ ልንሄድ ስለነበር አብራኝ መጣች። ማኅተሙንና የአዳራሹን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። "ደክሞኛል፤ ሌላ ሰው ምረጡ" አልኩ። እውነቴን ነበር። ግን በየዓመቱ የምለውም ይህንኑ ነው።

አንድ አባት ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። "ኧረ በፈጠረህ! አንተ ከተውከንማ ማን ይቀብረናል? እሺ ይበልጣል ከሺ፣ ልጄ!" አዳራሹ አጨበጨበ። ሴቶቹ "እባክህ፣ እባክህ" አሉ። ያ ሁሉ ድካም ወዴት እንደሄደ እንጃ፤ ብደብቀው ምን ዋጋ አለው፣ ደስ አለኝ።

"እንግዲህ እርስዎ ካሉ... ለአንድ ዓመት ብቻ" አልኩና ማኅተሙን ኪሴ ከተትኩ። ከዚያ የመጪውን እሁድ ሥራ ስንደለድል ሰዓቱ ሄደ።

ስንወጣ የሹፌሩን በር ከፈትኩላት። አልገባችም። ዞራ በሌላው በኩል ገባችና ቀበቶዋን አሰረች። እኔው ነዳሁ። ድካሙም ተመልሶ ትከሻዬ ላይ ወጣ።

ቤታችን ወዳለበት ስኔልቪል ልንደርስ ስንል በመስኮቱ እያየች "ዳዲ" አለችኝ፣ "እኔም መለመን ነበረብኝ እንዴ?"