ሰው የሚይዘው ተከላካይ

ሊን ሃይታኦ ከቻይናዋ ዳሊያን ከተማ ወደ ለንደን ሲመጣ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። በአገሩ ሊግ የታወቀ የመሃል ተከላካይ ነበር። ከልጅነቱ የተማረው አንድ ነገር ነበር፤ የተሰጠህን አጥቂ ያዝ፣ ውሃ ሊጠጣ ወደ ዳር ቢወጣ እንኳ ተከተለው። ያስፈረመው የሰሜን ለንደን ክለብ አሰልጣኝ ግን ይህን እንደ ነውር ቆጠረው።

«ቦታህን ጠብቅ! ሰውየውን ተወው፣ ሌላው ይቀበለዋል!»

ሁለት የውድድር ዘመን በተጠባባቂ ወንበር ላይ አለቀ። ስሙ ያለበት ማሊያ ቻይና ውስጥ ይቸበቸባል፤ እሱ የለበሰው ላብ ሳይነካው ይታጠባል።

ክፍል የተከራየው እዚያው ሰሜን ለንደን፣ ኤድመንተን በሚባል ሰፈር፣ የአውቶቡስ ሾፌር ከሆኑት ከጋሽ መኩሪያ ቤት ነው። ጋሽ መኩሪያ በደርግ ጊዜ የመጡ፣ ቦርጫቸውን ይዘው እሑድ እሑድ ከሐበሾች ጋር አጥቂ ሆነው የሚጫወቱ ሰው ናቸው።

«ዛሬስ?» ይሉታል በር ሲከፍቱለት።

«ወንበር፣ ጋሽ መኩሪያ።»

«እኔም ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነኝ። ግን እኔ የምነዳው አለኝ።»

ሊን ይስቅና ክፍሉ ገብቶ ትራሱን በቡጢ ይመታል።

በሁለተኛው ዓመት የመጨረሻ ጨዋታ በሊን ቦታ የሚሰለፈው አምበል ተጎዳ። አሰልጣኙ ሊንን ጠርቶ፣ «ዛሬ ካሳየኸኝ ውልህ ይታደሳል» አለው። ካልታደሰ የሥራ ፈቃዱም አብሮ ያበቃል።

ሊን ቦታውን ጠበቀ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ለተጋጣሚ የማዕዘን ምት ተሰጠ። የተጋጣሚው ረጅም አጥቂ ከጎኑ ተነጥሎ ወደ ሩቁ የጎል ቋሚ ሲሮጥ አየው። እግሩ ሊከተለው ፈለገ፤ እግሩን በግድ ገታው። አጥቂውን ሊቀበል የሚገባው ጓደኛው ከዳኛው ጋር እየተከራከረ ነበር። ኳሷ በጭንቅላት ገባች፤ ተሸነፉ።

«ዓይንህ እያየ እንዴት ሰው ትለቃለህ?» ብሎ ጮኸ አሰልጣኙ።

«ቦታዬን ጠበቅሁ።»

«ጎል ከገባ ቦታው ምን ይሠራልሃል?»

ውሉ እንደማይታደስ የነገረው በማግስቱ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ አንድ እግሩን መኪናው ውስጥ አስገብቶ ነው።

እሑድ ጋሽ መኩሪያ ሊንን ቶተንሃም ሰፈር፣ ከሐበሾች ጋር ወደሚጫወቱበት ሜዳ ወሰዱት። በተቃራኒ ቡድን ተሰለፈና እሳቸው ላይ ተለጠፈ። አንድ ኳስ አልነኩም። የጫማ ክራቸውን ሊያስሩ ሲያጎነብሱም አጠገባቸው ቆመ።

«ኧረ ልቀቀኝ አንተ ልጅ! ምን አደረግሁህ?»

«ጋሽ መኩሪያ፣ ነገ አውቶቡሱም ውስጥ ይከተልዎታል!» አለ በረኛው። ሜዳው በሳቅ ተሞላ።

«ያን ረጅም አጥቂ እንዲህ ብትይዘው ምን ነበረበት?» አሉ ጋሽ መኩሪያ እያለከለኩ።

ሊን እሳቸውን መከተሉን ትቶ ባለበት ቀረ። ኳሷ ወዲያው ወደ ጋሽ መኩሪያ መጣች። ማንም አልያዛቸውም፤ ጎል አገቡ። እጃቸውን ሊያነሱ ጀመሩና የሊንን ፊት ሲያዩ መለሱት።

ጎሉ መረብ ስላልነበረው ኳሷ አጥሩ ድረስ ተንከባለለች። ሊን ሊያመጣት ሄደ።