የተረፈው ግጥሚያ

ባለቤቴ ለብሔራዊው የሜዳ ቴኒስ ቡድን ከተመረጠ ዘጠኝ ዓመት ቢሞላውም አንድ ግጥሚያ እንኳ አልተጫወተም ነበር። ይህን የምለው ላማው ብዬ አይደለም፤ ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀው ነው። ስሙ ተረስቶ «ተጠባባቂው» ሆኖ ቀርቷል። ባለሱቁ «ተጠባባቂው፣ ወተት መጥቶልሃል» ሲለው ዞር ብሎ «እሺ» ይላል። እኔ ብሆን ወተቱን እዚያው እደፋለት ነበር።

የቀን ሥራው ሴራሚክ ማንጠፍ ነው። ተንበርክኮ በጎማ መዶሻ ሲመታ ይውልና፣ ሲመሽ ያንኑ ጉልበቱን ይዞ ሜዳ ይሄዳል። የአገሮች ውድድር ሲደርስ ኮንትራክተሩን ፈቃድ ለምኖ ቡድኑን ይቀላቀላል። እዚያም ዋናዎቹን ተጫዋቾች ያሟሙቃል፣ ከዚያ የአገሩን ስም ጀርባው ላይ ለጥፎ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል።

በዚህ ውድድር ሁለት አገሮች አምስት ጊዜ ይጋጠማሉ፤ ሦስቱን ያሸነፈ ያልፋል። አንዱ ወገን ቀድሞ ሦስት ካገኘ የሚተርፈው ግጥሚያ ምንም ስለማይለውጥ ለተጠባባቂ ይሰጣል። አሰልጣኞቹ ከተስማሙ ደግሞ ጭራሽ ይቀራል። እንዲህ ያለ ትርፍ ግጥሚያ ሁለት ሦስቴ ደርሶት ያውቃል። አንዴ እንግዶቹ አውሮፕላን እንዳያመልጣቸው ፈሩ፣ አንዴ ሰማዩ ዳመነ። አሰልጣኙ «ይቅር ይሆን?» ባሉት ቁጥር የባሌ መልስ አንድ ነው፦ «ችግር የለም።» ቤትም እንዲሁ ነው። ሾርባው ጨው ቢበዛበት ችግር የለም፤ ኮንትራክተሩ ቢሰድበው ችግር የለም። ስለዚህ ሰው ሲጠይቀኝ «እሱ መቀመጡም ደስ ይለዋል» እላለሁ። ከልቤም አምን ነበር።

ዘንድሮ ግን ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞላው። አሰልጣኙም ከዚህ በኋላ ወጣቶችን እንደሚወስዱ ነገሩት። የዘንድሮው ውድድር እኛው ከተማ ስለሆነ አማቴን ይዤ ሄድኩ።

አማቴ ከቴኒስ ሕግ የገባቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አንዱ አገር ቶሎ ሦስቴ ከተሸነፈ ልጃቸው ይጫወታል። ስለዚህ የእኛ አገር ተጫዋች ስቶ ኳሱን መረቡ ላይ በመታ ቁጥር ያጨበጭባሉ።

አጠገባችን የተቀመጠ ባለባርኔጣ ሰውዬ አላስችል አለው። «እማማ፣ የሳተው እኮ የእኛ ነው!»

«አውቃለሁ ልጄ፤ ዓይኔ ደህና ነው» አሉና ማጨብጨባቸውን ቀጠሉ።

እኔ አላጨበጨብኩም፤ ሆዴ ግን ከሳቸው ጋር ነበር። አገሬን እወዳለሁ፣ ባሌን ደግሞ የበለጠ እወዳለሁ።

በሁለተኛው ቀን አራተኛው ግጥሚያ ሲያልቅ እንግዶቹ ሦስት ለአንድ አሸነፉን። ሰዉ አንገቱን ደፍቶ መውጣት ጀመረ። አሰልጣኙ ከእንግዶቹ አሰልጣኝ ጋር ጥቂት ተነጋገሩና ወደ አግዳሚው መጡ። እኛ ከበላዩ ስለተቀመጥን ሁሉም ይሰማናል።

«እነሱ ቢቀር ይመርጣሉ። ሰዉም እየሄደ ነው። ምን ትላለህ?»

መልሱን ስለማውቀው ቦርሳዬን አነሳሁ።

ባሌ የጫማውን ማሰሪያ ፈታና እንደገና አጥብቆ አሰረው።

«አይቅር» አለ። «እጫወታለሁ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ገብቼ ልጠብቃቸው» ብሎ ራኬቱን ይዞ ወደ ሜዳው ገባ። ቦርሳዬን መልሼ አስቀመጥኩ።

እንግዶቹ አንድ ረጅም ወጣት ላኩበት። የመጀመሪያውን ዙር ባሌ ቶሎ ተሸነፈ። ሠራተኞች የማስታወቂያ ሸራዎቹን መጠቅለል ጀምረዋል። በሁለተኛው ዙር ግን ነገሩ ተቀየረ። ኳሱን ጥግ ለጥግ እየላከ ወጣቱን ያሯሩጠው ጀመር፤ አምስት ለሦስትም መራ። አማቴ አሁን በትክክለኛው ቦታ ነው የሚያጨበጭቡት። ስድስተኛውን ጌም አግኝቶ ዙሩን ለመውሰድ አንዲት ነጥብ ቀረችው። ወጣቱ ከሜዳው ወጥቶ ሙሉው ሜዳ ባዶ ሆኖለት ሳለ ባሌ ኳሱን ከመስመሩ ስንዝር አሳለፈው። ከዚያ በኋላ አልሆነለትም፤ ሰባት ለአምስት ተሸነፈና ግጥሚያው አበቃ።

ባለባርኔጣው ተነስቶ አጨበጨበለት። እኔም ፈገግ ብዬ፣ ደስታዬን ልገልጽለት እየሮጥኩ ወረድኩ። ራኬቱ ለሁለት ተሰብሮ መሬት ላይ ወድቋል። እሱ፣ ቤት ውስጥ አንድ ብርጭቆ እንኳ በንዴት ሰብሮ የማያውቀው ሰው፣ ፎጣ ፊቱ ላይ ጥሎ ተቀምጧል።

«ተጫወትክ እኮ!» አልኩት። «ዋናው እሱ አይደል?»

ፎጣውን አወረደ። ዓይኑ ደም መስሏል።

«ማሸነፍ ነበር የፈለግሁት» አለ። «ይሄን ሁሉ ዓመት ማሸነፍ ነበር የፈለግሁት። አንቺ ምን መስሎሽ ነበር?»

አማቴ ደረጃውን አንድ በአንድ ወርደው ደረሱና እጃቸውን ትከሻው ላይ አደረጉ።

«ጥፋቱ የኔ ነው ልጄ» አሉት። «እግዜርን እንድትጫወት ብቻ ነው የለመንኩት። እንድታሸንፍ መለመኑን ረሳሁት።»

እኔም አልለመንኩለትም ነበር።