አምፕሊፋየር የሚገጥመው ሰው

ወደ ቁንዝላ የሚሄደው ሚኒባስ ዓባይ ማዶ ቆሞ አምፕሊፋየር ሲገጠምለት፣ እኔ ከውስጥ ተቀምጬ ሠራተኛውን አየው ነበር። ሸበቶ ነው፤ በቱታው ላይ ነጠላ ጣል አድርጓል። የባትሪውን ገመድ ከሌሎቹ ሁሉ በኋላ አሰረና የድምፅ ማስተካከያዎቹን ሁሉ ዝቅ አደረጋቸው። ከዚያ የበገና መዝሙር ከፍቶ፣ መዳፉን በየስፒከሩ ላይ እያሳረፈ ድምፁን ቀስ በቀስ ጨመረው።

«ጋሼ፣ ዘፈን ይክፈቱልኝ እንጂ! ቤዙን በምን ልየው?» አለ ሾፌሩ።

«በሁዳዴ? ከበሮው እንኳ አርፎ የለ?»

ሾፌሩ ሳቀ። «እሺ፣ ይህ የሚያፏጨውስ?»

ሰውዬው ደነገጠ። ትንሿ የፊት ስፒከር ስለማትንቀጠቀጥ መዳፉ አልነገረውም። ሾፌሩ ውኃ ሊገዛ ሲወርድ ሰውዬው ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«እህቴ፣ ቀጭን ድምፅ መስማት ካቆምሁ ቆየሁ። አትንገሪብኝ፤ እንጀራዬ ነው።»

ዓይኑን ፊቴ ላይ ተክሎ ማስተካከያውን አዞረ። ፉጨቱ ጠፍቶ የተቋጠረው ግንባሬ ሲፈታ እጁን አቆመ።

«ጠርቷል» አልሁት።

«ተመስገን» አለ፤ ፊቱ ግን አልፈካም።

ስንነሳ ሌላ መኪና ገባ። ሰውዬው መሣሪያውን ከማንሳቱ በፊት የተሳፋሪዎቹን ፊት አንድ በአንድ ሲቃኝ አየሁት። እግዚአብሔር ደግ ፊት አያሳጣው።