ጧፉ የቆመበት ጣሳ

በስደት በምንኖርባት ዋይትሆል ከተማ ያለው ጎረቤታችን ጺሙን እስከ ደረቱ የለቀቀ ፈረንጅ ነው። ጋራዡ ውስጥ የጥንት ቫይኪንጎች የሚዋጉበትን ዓይነት መጥረቢያና ጋሻ በእጁ ይሠራል። አንድ ቀን ጠርቶኝ፣ «ክፉ ቀን ሲመጣ መብራት ይጠፋል፣ ሱቁ ባዶ ይቀራል፣ ያኔ ሰው በሰው ላይ ይነሳል» አለኝ። እንግሊዝኛዬ ትንሽ ናት፤ ይህን ግን በደንብ ሰማሁት። እኔ ክፉ ቀን አይቻለሁ፤ ያየ ሰው ደግሞ ቶሎ ይፈራል። እሱም አንድ መጥረቢያ፣ በአፈሙዙ ባሩድ የሚጎርስ አሮጌ ጠመንጃና ባሩዱን ሰጠኝ።

ባለቤቴ ጠመንጃ ቤቴ አይገባም ባይ ናት። ጠመንጃውን ቤዝመንት፣ ማለትም ምድር ቤቱ ውስጥ፣ ከውሃ ማሞቂያው ጀርባ ሸሸግኩ። ባሩዱን እሷ በሶ በምታስቀምጥበት ዓይነት የቡና ጣሳ ገለበጥኩና ከበሶዎቹ ጋር ደረደርኩት። ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ።

የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ሳይረኑ ረቡዕ ረቡዕ ቀን ለሙከራ ይጮኻል፤ ለምደነዋል። ያን ቀን የጮኸው ግን ሐሙስ ነው። ቤዝመንት ወርደን ሳንቀመጥ መብራት ጠፋ። እኔ ስልኬን ስዳብስ ባለቤቴ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣችውን ጧፍ ለኮሰች። ሰሙን ጠብ ጠብ አድርጋ ዳር ያለው ጣሳ ክዳን ላይ አቆመችውና ውዳሴ ማርያሟን ጀመረች።

ዳር ያስቀመጥኩት ባሩዱን ነው። ክዳኑ ላስቲክ ነው።

ላይ ነፋሱ ጣሪያውን ሊነቅል ይታገላል፣ የእኔ ዓይን ግን ከጧፉ አልነቀል አለ።

«አጥፊው!» አልኳት።

«ጸሎት ላይ ነኝ እኮ፣ አንተ ሰውዬ!»

«አጥፊው አልኩሽ!»

«ጧፍ የሚፈራ ሰይጣን ነው።»

«በሶ አይደለም እሱ። ባሩድ ነው!»

እሳቱን በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ አጠፋችው። በጨለማው ትንፋሿ ብቻ ይሰማኛል።

«የልጅ ልጆቻችን እሑድ እሑድ የሚጫወቱት እዚህ ነው» አለች።

ጣሳውን በጨለማ ዳብሼ አነሳሁት።

ሳይረኑ ዝም ሲል ጣሳውን እንደ ሕፃን አቅፌ ወጣሁ። አጥራችን ወድቋል፣ ቤቱ ቆሟል። ባሩዱንም ጠመንጃውንም ለጎረቤታችን መለስኩ። መጥረቢያውን አልመለስኩም፤ እንጨት ይፈልጥልኛል ብዬ ድርቅ አልኩ።

እሷ ግን እስከ ዛሬ በሶ ከመበጥበጧ በፊት ጣሳውን ከፍታ ታሸታለች።