ወደ ሞስኮ ያልሄደው ካፖርት

ካፖርቱን በዓመት አንዴ ፀሐይ ላይ ሳሰጣው የናፍታሊኑ ሽታ ግቢውን ይሞላዋል። ጎረቤቶቼ ይስቃሉ፤ በሀዋሳ ሙቀት ይህን የሚያህል ሱፍ ምን ያደርግልሻል ይሉኛል። ይሳቁ! እናቴ ናት ፒያሳ ካለ ነጋዴ የገዛችልኝ፣ ለውጭ አገር ትምህርት ገና ሳልመረጥ። «ሞስኮ ብርድ ነው አሉ» ብላ፣ ጉዳዩን ያለቀለት አድርጋ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ የግብርና ኮሌጅ ተማሪ ነበርኩ። ከጓደኞቼ አንዱ መሄድ የፈለገው ከብሔራዊ ውትድርና ለማምለጥ ነበር፣ ሌላው ለጂንስ ሱሪ። እኔ ደግሞ ለአጉሊ መነጽር። ክፍላችን ያለው አንድ ብቻ ነበር፤ ተራዬ ሲደርስ ደወል ይደወላል። በአንዲት ጠብታ የሐይቅ ውሃ ውስጥ የሚርመሰመሰውን ነፍስ ሁሉ ጠግቤ ማየት አማረኝ።

መራጮቹ ፊት ግን ሁሉም «ለአብዮቱ» ብሎ ይወጣ ነበር። እኔ የመነጽሩን ነገር ተናገርኩ። ካድሬው ሳቀ፤ ደስ ያለውም መሰለኝ።

«ጎበዝ! በይ እንግዲህ መፈክር አሰሚና ሂጂ» አለኝ።

መፈክር ሲባል ግራ እጅን ጨብጦ ወደ ላይ ማንሳት ነው። እኛ ቤት ጴንጤዎች ነን። ጸሎት ቤታችን ተዘግቶብን በየሳሎኑ በሹክሹክታ እንዘምር ነበር፤ እጅ የሚነሳው ለጌታ ብቻ ነው ብለን ስለምናምን ለመፈክር አናነሳም።

ተነስቼ ቆምኩ። የጣሪያው ቆርቆሮ በፀሐይ ሲንቋቋ ይሰማኛል። እጄ ከቀሚሴ ጎን አልተላቀቀም።

«እጅሽን አሞሻል እንዴ?»

«አላመመኝም፣ ጓድ።»

አጠገቡ የተቀመጡት መምህሬ አንገታቸውን ደፉ። «አሞኛል ብትይ ምን ነበረበት?» የሚሉኝ ዛሬም አሉ። እጄ ጤነኛ ነበራ! አሁንም ቢጠይቁኝ መልሴ ያው ነው።

ሞስኮ በዚያው ቀረች። ቤት እስክደርስ አለቀስኩ። የተጸጸትኩ እንዳይመስላችሁ፤ ያቺ ጠብታ ውሃ ናት አንጀቴን ያሳረረችው።

እናቴ ሁሉንም ሰማች። ራት ሲቀርብ ሁልጊዜ እጅ የማስታጥባት እኔ ነበርኩ፤ ልጅ ነኛ። ያን ዕለት ግን ማንቆርቆሪያውን ቀድማኝ አነሳች።

«ተይ እማዬ፣ ነውር ነው» ብላት አልሰማችኝም። ቀኜን ዘረጋሁ። ቀስ ብላ አፈሰሰችልኝ።

«ግራውንም አምጪው» አለችኝ።