አባ ቀሚስ

ስሙን ለሰፈራችን ልብስ ሰፊ ያወጣችላት ታላቅ እህቴ ናት። ልብስ ሰፊዋ ካህን በሌለበት እሑድ ምእመናኑን ሰብስባ ቃሉን ማንበብና ቅዱስ ቁርባን ማቀበል የጀመረች ሰሞን፣ እህቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ «ዛሬ የቆሙልን አባ ቀሚስ ናቸው» አለች። ሰው ሳቀ፤ ስሙም በዚያው ጸና። ወሬው ለልብስ ሰፊዋ ሲደርሳት በከንፈሯ የያዘቻትን መርፌ አውጥታ «ጥሩ ተሰፍቷል፣ ልኬ ነው» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እህቴ ግን ከእጇ ተቀብላ አታውቅም። ቄሱ እስኪመጡ ትጠብቃለች።

የእኛ ቄስ ስድስት ቤተ ክርስቲያን ያዳርሳሉ። በወር አንዴ መጥተው ይቀድሱና የተቀደሰውን ኅብስት በመሠዊያው አጠገብ ባለው ሳጥን አኑረው፣ ቁልፉን ለልብስ ሰፊዋ ሰጥተው ይሄዳሉ። እሷ ታቀብላለች እንጂ አትቀድስም። መቀደስና ማናዘዝ የካህን ነው፤ በእኛ በካቶሊኮች ዘንድ ደግሞ ሴት ካህን አትሆንም።

ሱቋ መንገድ ዳር ያለች አንዲት ክፍል ናት። አሮጌ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና አላት፣ ግድግዳው ላይ የወረቀት ንድፎች በምስማር ተሰቅለዋል። የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ የካህናቱን የቅዳሴ ልብስም የምትሰፋው እሷው ናት። እኔም በስልሳ ሁለት ዓመቴ ፊደል የቆጠርኩት እዚያ ነው፣ በልብስ ሰፊ ጠመኔ፣ ጥቁር ቁራጭ ጨርቅ ላይ። ስሳሳት ጨርቁን ታራግፈውና «እንደገና» ትለኛለች።

የልጅ ልጄ የሕግ ተማሪ ናት፤ ክርክር ትወዳለች። አንድ ቀን እዚያ ተቀምጠን ሳለ ነጩን የቅዳሴ ካባ እየዳሰሰች ልብስ ሰፊዋን ጠየቀቻት።

«ለብሰውት ያውቃሉ?»

«ጫፉ እኩል መውረዱን በምን ልየው ታዲያ?»

«እና እንዴት ነው?»

«ይከብዳል።»

«ቢፈቀድልዎ ካህን ይሆኑ ነበር?»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «በዘጠኝ ዓመቴ የዚያን ጊዜውን ቄስ ይህንኑ ጠየቅኳቸው። ከረሜላ ሰጡኝ።»

«መልሱስ?»

«እስካሁን እየመጠጥኩት ነው።»

ባለፈው ዓመት ጎርፍ የወንዛችንን ድልድይ ወሰደው። ቄሱ መምጣት አልቻሉም። ልብስ ሰፊዋ በሳጥኑ ያለውን ኅብስት መጀመሪያ ለሁለት፣ ቀጥሎ ለአራት ትቆርሰው ጀመር። የልጅ ልጄ አላስቻላትም።

«ጓዳው ውስጥ ቆርቆሮ ሙሉ ያልተቀደሰ ኅብስት አለ። የቅዳሴውን ቃል በቃልዎ ያውቁታል። ለምን አይሉትም?»

«ሰዉ የሚቀበለውን አምኖ ነው አፉን የሚከፍተው» አለቻት። «የእኔን ጥያቄ በሰው አፍ ላይ አልሞክረውም።»

በሰባተኛው እሑድ የደረሰኝ ቁራሽ ከጥፍሬ ጫፍ አይበልጥም ነበር። በዚያው ሳምንት እህቴ አልጋ ያዘች። ሐኪሙ ወደ ውጭ ጠርቶኝ ልቧ ስለ ደከመ ከጥቂት ቀን በላይ እንደማትቆይ ነገረኝ። እሷም አውቃዋለች።

«ቄሱን ጥሩልኝ» አለች።

«ድልድይ የለም እኮ።»

«ይዋኙ።»

ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊዋ መጣች። ለሕመምተኛ ቁርባን የምትወስድባትን ክብ የብረት ሳጥን በአንገቷ አንጠልጥላለች።

«ምን ይዘሽ መጣሽ?» አለቻት እህቴ።

«የመጨረሻዋን ቁራሽ፣ እማማ።»

«ከሴት እጅ አልቀበልም።»

«እሺ» አለችና ተቀመጠች። የእህቴን እግር ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ያደገውን ጥፍሯን በክር መቁረጫዋ ቆረጠችላት። በማግስቱም መጣች። እህቴ ዓይኗን ሳትገልጥ «ኃጢአቴን ለማን ልናገር?» አለች።

«እኔ ልፈታዎ አልችልም። መስማት ግን እችላለሁ።»

«ካልፈታሽኝ መስማትሽ ምን ያደርግልኛል?»

«ብቻዎን አይሆኑም።»

እኔ ወጥቼ ማድ ቤት ቆምኩ። የእህቴ ድምፅ ለረጅም ጊዜ እንደ ውኃ ሲወርድ ይሰማኛል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ስመለስ ልብስ ሰፊዋ የእህቴን እጅ እንደያዘች ነበር፤ የሁለቱም ፊት ረጥቧል። የሰማችውን እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈሰችም።

በአራተኛው ቀን እህቴ ሳጥኗን ትክ ብላ አየቻት።

«እኔ እንቢ ካልኩሽ ለምን አንቺ አልተቀበልሻትም?»

«የእርስዎ ናት።»

«ከተቀበልሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

በልብስ ሰፊዋ ፋንታ እኔ ነኝ የመለስኩት። ዓይኔ ስለ ደከመ በቤተ ክርስቲያን ፊት ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው። ለሁላችን አቀብላ ተራው የራሷ ሲሆን ሳጥኑን ትዘጋዋለች። ኋላ ለብቻዋ የምትቀበል ይመስለኝ ነበር። ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

«ሰባት እሑድ» አልኩ።

እህቴ በጣቷ ሳጥኗን አመለከተች። «ክፈቻት» አለች። «ለሁለት ቁረሻት።»

«በጣም ትንሽ ናት፣ እማማ።»

«ልብስ ሰፊ አይደለሽ? አብቃቂያት።»

ነጭ ጨርቅ ዘርግታ በሁለት ጣቷ ቆረሰቻት። ቁራሿ ጨርቁ ላይ እንደ ዱቄት ብናኝ ያሉ ሁለት ነጥቦች ሆነች። በዕድሜዬ ጳጳስ ሲቀድሱ አይቻለሁ፤ የሺህ ሰው ዝማሬ ሰምቻለሁ። እንደዚያች ክፍል ግን የፈራሁበት ቦታ የለም። የመድኃኒቱ ብልቃጥ፣ ከመጋረጃው ሥር የገባው ብርሃን፣ የእህቴ የተከፈተ አፍ፣ ሁሉም ነገር ትንፋሹን የያዘ መሰለኝ። ስንት ዓመት አልታጠፍ ያለኝ ጉልበቴ ሳላዘው ታጠፈ።

«የክርስቶስ ሥጋ።»

«አሜን» አለች እህቴ። ቀጥላም «አሁን አንቺ» አለቻት፤ እስክትቀበል ድረስ ዓይኗን ከእሷ ላይ አልነቀለችም። ከዚያ ፈገግ ብላ፣ «አባ ቀሚስ፣ እጅሽ ይቀዘቅዛል» አለች።

አርብ ጠዋት ዐረፈች።

ቄሱ እህቴ ባረፈች በዘጠነኛው ቀን በጀልባ ተሻግረው መጡ። ለእህቴ ጸለዩላት፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። የልጅ ልጄም ሴት ለምን ካህን አትሆንም ብላ ጠየቀቻቸው። «ቤተ ክርስቲያን ሴትን ካህን አድርጌ ለመሾም ሥልጣን የለኝም ብላለች፤ እኔ ከዚያ አላልፍም» አሉና አንገታቸውን ደፉ። እሷም በዚህ አልረካችም።

በዚያ እሑድ ቀድሰው ልብስ ሰፊዋን ከሁሉ አስቀድመው ጠሯት። መዳፏ ላይ ሙሉ ኅብስት አኖሩላት። ፊት ወንበር ላይ ስለ ነበርኩ አየሁት፦ ሁለቱ አውራ ጣቶቿ ለመቁረስ ተነሡ፤ ከዚያ ቆሙ።