የነፍስ አድን ተሳቢው ግራ ጎማ

ሬክስ ታሎክ ጎማ የሚነካው በእጁ ጀርባ ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ ቁልፍና መዶሻ የጨበጠ መዳፍ ሙቅና ቀዝቃዛ አይለይም ይላል። በመኪናው የሚጎተተው ተሳቢ የነፍስ አድኑን ጀልባ ተሸክሞ ከኮረብታው ወርዶ የመንደሩ የኦራንጊ ባሕር ዳር ሲደርስ፣ ሬክስ ከመኪናው ወርዶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ የእጁን ጀርባ የጎማው እምብርት ላይ ያሳርፋል። ትኩስ ከሆነ ማንም ወደ ውሃ አይገባም፤ እንደ ላም አፍንጫ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል። የጋለ ብረት ቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ ሲነከር ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና፣ ከኋላ በሚዘጋው የላስቲክ ቀለበት ሥር የጨው ውሃ ይስባል። ጎማውን የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ ጨው ከገባበት ዕድሜው በሳምንት ነው የሚቆጠረው። ይህን በኦራንጊ የማያውቅ የለም፤ ሬክስ ያልነገረው ሰው ስለሌለ ነው። ለአንዳንዱ አንዴ፣ ለብዙው አሥር ጊዜ ነግሯል።

የወተት ከብት አርቢ ልጅ ነበር። ሠላሳ ስድስት ዓመት ወተት የሚያመላልሱ ቦቴዎችን ሲጠግን ኖሮ፣ በሃምሳ ዓመቱ ከሚስቱ ከቤረል ጋር ኦራንጊ ገባ። በዚያው ዓመት የመንደሩ የነፍስ አድን ማኅበር የጀልባውን ተሳቢና የመጋዘኑን ቁልፍ አስረከበው። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሁለት ዓመት፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት የድረሱልን ጥሪ፤ አንድም ቀን ጎማ አልከዳቸውም። ሬክስ ቁጥሩን ያውቀዋል። ማንም ሳይጠይቀው ይናገረዋል።

ጀልባው ወደ ባሕር ከሚወርድበት ማውረጃ ጎን ያለውን የሲሚንቶ ገንዳ የሠራውም እሱ ነው። ርዝመቱ አራት ሜትር፣ ጥልቀቱ አርባ አምስት ሳንቲ ሜትር፣ በተሳቢው ግራ ጎማ በኩል ትንሽ ይጠልቃል። ተሳቢው ከባሕር ሲወጣ በኋላው ወደ ገንዳው ይገባና ጎማዎቹ ለሩብ ሰዓት በንጹሕ ውሃ ይዘፈዘፋሉ፤ ከዚያ በቱቦ ይታጠባሉ። ውሃው እዚያው ከተቆፈረ ጉድጓድ በፓምፕ ይመጣል። ሌላው ሰው ተሳቢውን ወደ ቤቱ ወስዶ ከጣሪያ ባጠራቀመው የዝናብ ውሃ ያጥባል። የነፍስ አድኑ ግን ባሕር በነካ ቁጥር፣ እዚያው፣ ወዲያው ነው የሚታጠበው። ሕጉ የሬክስ ነው።

የሻዩ ሕግ ደግሞ የቤረል ነበር። ጎማው እስኪቀዘቅዝ ሰዎች ቆመው ከሚነጫነጩ ብላ፣ ማውረጃው አጠገብ ባለችው የቆርቆሮ ጎጆ የጋዝ ምድጃ አስገባች። ማንቆርቆሪያዋን ከዚያው ከገንዳው ቧንቧ ሞልታ ትጥዳለች፤ ውሃው ፈልቶ፣ ሻዩ ተቀድቶ፣ ሐሜቱ ሲያልቅ ጎማውም ይቀዘቅዛል። ባለፈው ጁን ቤረል በልብ ሕመም ሞተች። ከዚያ ወዲህ ሬክስ ከቤቱ በፔርሙዝ ሻይ እያመጣ መኪናው ውስጥ ብቻውን ይጠጣል። ማንቆርቆሪያዋ ጎጆው ውስጥ እንደተደፋች ቀረች። ማንም ደፍሮ አልነካትም።

ነገሩ የጀመረው በጃንዋሪ ነው። ሬክስ የግራውን ጎማ እምብርት ሲከፍት ግሪሱ ወተት የበዛበት ሻይ መስሎ ጠበቀው። ውሃ ገብቷል ማለት ነው። ኩሽኔታውን ለወጠ፤ አምስት ሳምንት ሳይሞላ እንደገና ያው ሆነ። ደህና ኩሽኔታ በእሱ እጅ ሁለት ዓመት ይቆያል። ቸርኬው ላይም፣ ውሃው ሲደርቅ፣ ነጭ ብናኝ ይታያል። በምላሱ ጫፍ ነካው። ጨው ነው።

ስለዚህ አንድ ሰው እያጠበ አልነበረም። አጣቢው ደግሞ ከኦክቶበር ጀምሮ ጉስ ሌንደርት ነው።

ጉስ ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ባለፈው ኦገስት ከኦክላንድ መጥቶ ቤት ገዛ። ለማኅበሩ አዲስ የገባ ሰው ማጠብ ይደርሰዋልና፣ ከልምምድ በኋላ ሌሎቹ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ እሱ ቦት ጫማውን አጥልቆ ገንዳው ጋ ይቀራል። ሬክስ ሰውየው ገና ከመምጣቱ አልወደደውም ነበር። ብዙ ይስቃል። ሲያመሰግን ያበዛል። ከሁሉም የባሰው ግን የጉስ የራሱ ተሳቢ ነው፤ ያው ባሕር ውስጥ እየገባ፣ በዚያው ማውረጃ እየወረደ፣ ቸርኬው እንደ መስታወት ያበራል። ሬክስ በጉስ አጥር ላይ አሻግሮ ባየው ቁጥር ሆዱ ይሻክራል። የራሱን የሚያውቅ ሰው የማኅበሩን አላውቅም ሊል አይችልም፤ ንቆ ነው እንጂ።

ሊፈትነው አሰበ። በአንድ ልምምድ ቀን፣ ማንም ሳያይ፣ ቀጭን የባሕር ሣር በግራው ጎማ እምብርት ዙሪያ ጠመጠመ። ጉስ በደንብ ካጠበ ይነሣል፤ ካላጠበ እዚያው ደርቆ ይገኛል። በማግስቱ ማለዳ መጋዘኑን ከፍቶ ሲያይ ሣሩ የለም።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ይረካ ነበር። ሬክስ ግን ቁርሱን ሳይበላ ሲያሰላስል ቆየና፣ ጉስ ሣሩን አይቶ፣ ወጥመድ መሆኑ ገብቶት፣ በእጁ አንሥቶ ጥሎታል ብሎ ደመደመ። እንዲህ ያለ ተንኮል ከጥርስ ሐኪም አይርቅም፤ ጥቃቅን ነገር ሲያይ የኖረ ዓይን ነው።

የማኅበሩ ኃላፊ ሁያ ትባላለች፤ የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ የምትነዳ፣ የአገሬው የማኦሪ ቤተሰብ ልጅ ናት። ቤረልን አክስቴ፣ ሬክስን አጎቴ እያለች ነው ያደገችው። ሬክስ ሄዶ ነገራት።

"ሰውየው አያጥብም" አላት።

"አይተኸዋል?"

"ጎማውን አይቻለሁ።"

"አጎቴ፣ ሰሞኑን ከጎማው ይልቅ ጉስን ማየት አብዝተሃል። አጥሩ ላይ ተንጠልጥለህ ትቆያለህ ብለው ነግረውኛል" አለችው።

ሬክስ አልሳቀም። እሷም ሳቋን ዋጠችና የፈራውን ነገረችው። ኮሚቴው ተነጋግሯል። በሁለት ወር ሁለት ኩሽኔታ መበላቱ ቀልድ አይደለም፤ ባሕር ላይ ሰው እየሰጠመ ጎማ ቢነቀል ማን ይጠየቃል? አንድ ጊዜ ከተደገመ ተሳቢው ከተማ ላለ ጋራዥ ይሰጣል፤ የመጋዘኑም ቁልፍ አብሮ ይሄዳል። እሑድ ማርች ሦስት ስብሰባ አለ።

ሬክስ ወደ ቤቱ ሲመለስ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ እንደጨበጠ ነበር። ቤረል ከሞተች በኋላ ማለዳ ከአልጋ የሚያስነሣው ያ ቁልፍ ብቻ ነው። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ለሁያ መናገር አያስፈልገውም ነበር።

ረቡዕ ዕለት ጎማውን በክሪክ አንሥቶ በእጁ አሽከረከረው። ጎማው አጉረመረመ። ሦስተኛው ኩሽኔታ መበላቱ ነው። ፈታው። የላስቲክ ቀለበቱ የሚያርፍበት የብረት ትከሻ፣ እንደ ብርጭቆ ለስላሳ መሆን የነበረበት፣ ፈንጣጣ እንደያዘው ፊት ተበሳስቷል። ይህ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። ብረቱ ደጋግሞ፣ ረጅም ሰዓት፣ ጨው ውስጥ ተዘፍዝፎ ነው እንዲህ የሚሆነው። ሬክስ ጉስ ተሳቢውን ሆን ብሎ ባሕር ውስጥ አቁሞ የሚሄድ መሰለው። ለምን እንደሚያደርገው ግን አልታየውም። ምክንያቱ ስላልታየው ይበልጥ ተንኮል ሆነበት።

ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ፣ ሌሎቹ ገና ጃኬታቸውን ሳያወልቁ፣ በሁሉም ፊት ተናገረው።

"አንተ አታጥብም። ስምህን የማጠቢያው ወረቀት ላይ ጽፈህ ትሄዳለህ።"

ጉስ ቀላ፤ ከዚያ ረጋ ብሎ፣ "አጥባለሁ። አንተ ሩብ ሰዓት አልክ፣ እኔ አርባ ደቂቃ ነው የማቆየው። ጎማው እያስቸገረህ መሆኑን ስሰማ ጨመርኩት። ካላመንክ ዛሬ ቁምና እየኝ" አለ።

"እቆማለሁ።"

"ቁም።"

ሌሎቹ እየተያዩ ሄዱ። ሬክስ እጆቹን አጣጥፎ ገንዳው ራስ ላይ ቆመ። ጉስ ገንዳውን ሞላ፤ ተሳቢውን በኋላው ቀስ አድርጎ አስገባ፤ ከሬክስ እኩል፣ ምናልባትም የተሻለ አስተካክሎ። ሬክስ የሚይዝበት ስሕተት ጠበቀ። አላገኘም። እየታየ ሲሠራ ደግሞ ሁሉም ሰው ጥሩ ሠራተኛ ነው ብሎ አሰበ።

አርባ ደቂቃ ረጅም ነው። በጋው ከባድ ነበር፤ ከኖቬምበር ጀምሮ ጠብ ያለ ነገር የለም፤ ኮረብታው እንደ አንበሳ ቆዳ ቢጫ ሆኗል። ሬክስ በንዴት ወጥቶ ፔርሙዙን ቤት ረስቶታል። ጉስ ወደ ጎጆዋ ገባ። ጥቂት ቆይቶ የጋዝ ሽታ መጣ። ሬክስ ምን እንደሚደረግ የገባው ማንቆርቆሪያዋ ስታፏጭ ሲሰማ ነው።

ደርሶ በሩ ላይ ቆመ። "ማን ንካ አለህ?"

ጉስ ሁለት ኩባያ ይዞ ዞረ። የማን እንደሆነች አያውቅም ነበር፤ ሲመጣ ቤረል ከሞተች ሁለት ወር ሆኗታል፣ የነገረውም የለም። ግን ከሬክስ ፊት አነበበው። "አላወቅኩም፣ ወዳጄ" አለ። "አጥቤያታለሁ። አቧራ ነበረባት።" ኩባያውን ዘረጋ።

አለመቀበል ይችል ነበር። ተቀበለ፤ ምክንያቱን በኋላም አላወቀውም። አንድ ጊዜ ተጎነጨና መሬት ላይ ተፋው።

"ጨው ጨመርክበት" አለ። "ሽማግሌ ላይ መጫወትህ ነው?"

ጉስ የራሱን ቀመሰ። ፊቱ ተጨማደደ። ሌላ ሰው በዚህ ጊዜ ይምል ይገዘት ነበር፤ እሱ ግን ኩባያውን አስቀምጦ በሬክስ አጠገብ አልፎ ወጣ፤ ወደ ቧንቧው ሄደ፣ ከፈተው፣ በእፍኙ ጠጣ። ከዚያ ወደ ጎን ቆሞ ቦታውን ለቀቀለት።

ሬክስ ጎንበስ ብሎ አፉን ከቧንቧው ሥር አደረገ። የባሕር ያህል አይደለም። ግን ጨው ነው።

እዚያው እንደጎነበሰ ቆየ። ያስታወሰው አሥር ዓመት ያለፈው አንድ ድርቅ ነበር። ቤረል በዚያች ጎጆ በር ላይ ቆማ፣ "ሬክስ፣ ዛሬ ሻዩ ልክ አይደለም፤ ዝናብ ስለጠፋ ጉድጓዱ ባሕር ጠጥቷል" ብላው ነበር። እሱ ስለ ሻይ ታበዛለች ብሎ አኮረፈ። እሷ ግን ዝናብ እስኪመጣ ከትምህርት ቤቱ ታንከር ቱቦ አስጎተተችው፤ ገንዳው በዚያ ተሞላ፣ ጎማው ዳነ። ሬክስ ይህን ሁሉ ዓመት ሲቆጥር ከሃያ ሁለቱ ውስጥ ያንን በጋ ለራሱ ነበር የመዘገበው። ዘንድሮ ድርቁ ሲመለስ የሚቀምስ ሰው አልነበረም። እሱ ፔርሙዙን ይዞ መኪናው ውስጥ ተቀምጧል። ጉስ ደግሞ በየሳምንቱ፣ በታዘዘው መሠረት፣ ከታዘዘውም አስበልጦ፣ ጎማውን ጨው ውስጥ አርባ ደቂቃ ይዘፈዝፋል።

"አውጣው" አለ ሬክስ። "ተሳቢውን ከገንዳው አውጣው።"

ጉስ አወጣው። ከዚያ ከጉስ ቤት የዝናብ ውሃ በጀሪካን እያመላለሱ ጎማዎቹን አንድ በአንድ አጠቡ።

እሑድ በስብሰባው ሬክስ ተራው እስኪደርስ አልጠበቀም። ተነሥቶ፣ ትናንት ጉስን የወነጀለው በሰው ፊት እንደሆነ፣ ስለዚህ አሁንም በሰው ፊት እንደሚናገር ገለጸ። ጎማውን የበላው ጉድጓዱ ነው፤ ገንዳው የእሱ ነው፤ እንዲዘፈዘፍ ያዘዘውም እሱ ነው። ጉስ ማጠቡን ቢተው ኖሮ ጎማው ይሻለው ነበር። ትከሻው የተበሳሳው ብረት ከጎማው ዘንግ ጋር መለወጥ አለበት፣ ይህን ደግሞ መጋዘን ውስጥ መሥራት አይቻልም። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ተቀመጠ።

ሁያ ቁልፉን ወሰደች። አልመለሰችለትም፤ ሦስት ጥፋት ሦስት ነው፣ ኮሚቴውም ቃሉን ሰጥቷል። ተሳቢው ከተማ ሄዶ አምስት ሳምንት ቆየ። ሬክስ በእነዚያ አምስት ሳምንታት ማለዳ ተነሥቶ ማውረጃው ድረስ እየሄደ፣ ቧንቧውን ከፍቶ ይቀምስና ይመለስ ነበር። የነገራት ሰው ይኑር አይኑር አይታወቅም፤ ሁያ ግን አውቶቡሷን ስትነዳ በዚያ ታልፋለች።

በኤፕሪል ዝናብ መጣ፤ ተሳቢውም አዲስ የጎማ ዘንግ ለብሶ ተመለሰ። ሁያ መጋዘኑን ራሷ ከፈተችና ቁልፉን ከመዝጊያው ሳትነቅል ሬክስን ዞራ አየችው።

"አጎቴ፣ ገንዳው ከመሞላቱ በፊት ሻይ ይጣዳል። አክስቴ እንደምታደርገው። ያልቀመሰ አያጥብም። ይህን ሕግ የምትጠብቅ ከሆነ ቁልፉ እዚያ ነው" አለችው።

ጠበቀ። የማጠቢያው ወረቀት ላይ ከስምና ከቀን ቀጥሎ ሦስተኛ ዓምድ ተሰመረ፤ ሻዩ እንዴት እንደነበር ይጻፍበታል። ጉስ ሁልጊዜ "ጥሩ" ብሎ ይጽፋል። ሬክስ ወረቀቱን ያነባል፤ ጎጆዋ ውስጥ ይገባል፤ ከማንቆርቆሪያዋ የቀረውን ለራሱ ይቀዳና ይቀምሳል። የጥርስ ሐኪም ምላስ እንዲያው አይታመንም።